ስለቴና የልጄ የበረዶ ሞተር

ልጄ ተራራ ላይ የበረዶ ሞተር ትነዳ ነበር። ይህን ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሦስት ዓመት ሙሉ ተናግሬ አላውቅም። ሲጠይቁኝ «ሎጂስቲክስ ላይ ናት» እላቸው ነበር። ውሸት አልነበረም። የምንኖረው ሜልቦርን ዳር፣ ትሩጋኒና ነው። እዚህ ሰፈር ሎጂስቲክስ ላይ ያልሆነ ሰው ከተገኘ ወይ ሕፃን ነው ወይ ሥራ ፈላጊ። የእኔም ልጅ ዕቃ ታመላልሳለች። የሌላው ልጅ ከመጋዘን ወደ መኪና ያወጣል፤ የእኔዋ ከመኪና ማቆሚያው ተነሥታ ተራራው አናት ላይ እስካሉት የእንግዳ ማረፊያዎች ሻንጣ፣ ወተትና ሰው ታደርሳለች። ልዩነቱ መንገዱ ነጭ መሆኑ ነው።

የበረዶ ሞተር ላላየ ሰው ልንገር። እንደ ሞተር ሳይክል ይቀመጡበታል። ከፊቱ ሁለት መንሸራተቻ አለው። ከሥሩ ደግሞ እንደ ታንክ ሰንሰለት የሚሽከረከር ሰፊ የጎማ ቀበቶ አለ። ከኋላው ተጎታች ይታሰርበታል። እኔ በስልኳ ቪዲዮ ነበር የማየው፣ ያውም ድምፁን አጥፍቼ።

እግሯን ያጣችው በረዶ ላይ አይደለም። በበጋ፣ በደረቅ አስፋልት ላይ፣ ከሱፐርማርኬት ወጥታ በእግረኛ መሻገሪያ ስትሻገር ነው። ሹፌሩ ስልኩን ያይ ነበር። ግራ እግሯ ከጉልበቷ በታች ተቆረጠ። ሕይወቷ ተረፈ። ተመስገን።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ተቀምጬ በረዶውን ከሰስኩ። «እመቤቴ፣ ይህችን ልጅ አትርፊልኝ እንጂ ሁለተኛ የበረዶ ሞተር ላይ አትወጣም» ብዬ ተሳልኩ። ሰው ሲሳል ጥላ ይሳላል፣ ምንጣፍ ይሳላል፣ ጧፍ ይሳላል። እኔ የልጄን ሥራ ተሳልኩ። ያን ጊዜ ምንም አልከበደኝም። የራስ ያልሆነን ነገር መስጠት ቀላል ነው።

ለልጄ አልነገርኳትም። መጀመሪያ ታማ ነበር። ከዚያ ደካማ ነበረች። ከዚያ ደግሞ ጠንካራ ሆነችና ፈራኋት።

የሞተሯ ምሥጢር ግን ሆስፒታል ውስጥ ወጣ። የሥራ ባልደረቦቿ ከሞተሯ ጋር የተነሣችውን ትልቅ ፎቶ አልጋዋ ራስጌ ለጥፈውት ነበር። ጠያቂ ሁሉ መጀመሪያ ፎቶውን ያያል፣ ቀጥሎ ብርድ ልብሱን ያያል፣ ከዚያ ራሱን ይነቀንቃል። መኪና እንደገጫት ብንናገርም የሚሰማን አልነበረም። ፎቶው ከእኛ ይልቅ ይታመን ነበር።

ጠያቂዎቻችን ደጎች ናቸው፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ለሁለት ወር ድስት አልጣድኩም። ማጽናናታቸው ግን ከባድ ነበር። አንዷ «የአክስቴ ልጅ ሁለቱንም ነው ያጣው» አለቻት። ሌላዋ «እንኳን ግራው ሆነ» አለች። ለምን ግራው እንደተሻለ አልገባኝም፤ እሷም የገባት አይመስለኝም። አንዱ ደግሞ «አይዞሽ፣ አሁን እግር የሚሠሩት ከፈጣሪ ባልተናነሰ ነው» ብሎ፣ ከአፉ ሳይጨርሰው ደንግጦ አማተበ።

ልጄ ሰው ሠራሹን እግር ለመደች። ትራመድበታለች፣ መኪና ትነዳለች፣ ደረጃ ትወጣለች። ብርድ ሲሆን «ማሚ፣ አንድ ካልሲ ተርፎኛል» ትለኛለች። አንድ ክረምት ግን አለፋት። ያን ክረምት ሦስት ወር ሙሉ የአየር ትንበያውን ስታይ አያታለሁ፤ የእኛን ሳይሆን የተራራውን።

በሚቀጥለው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ የተራራው አለቃዋ ደወለላት። ድምፁን ከፍታ ስለነበር እኔም ወጥ ቤት ሆኜ ሰማሁ። አንድ አሮጌ ሞተር ሊቀይሩ ነው። «ለአንቺ የሚሆነውን አንቺው ምረጪና እስከሚቀጥለው ዓርብ ንገሪኝ» አላት። «ብቻሽን የምትወጪበት፣ ብቻሽን የምትወርጂበት፣ ብትወድቂ ብቻሽን የምትነሺበት መሆን አለበት። እንደዚህ ያለ ካልተገኘ ቢሮ ስልክ ማንሣት አለ፤ ቦታው የአንቺ ነው።»

ስልክ ማንሣት! ቢሮው ማሞቂያ አለው። ወንበሩ ይሽከረከራል። ያን ዕለት ለአለቃዋ ጸለይኩለት።

«ስልኩን ውሰጂ» አልኳት።

«ማሚ፣ እዚያ ቢሮ መስኮት አለው።»

«መስኮት ምን ክፋት አለው?»

«እነሱ ሲወጡና ሲወርዱ በመስኮቱ ይታያሉ። ሙሉ ክረምት ተቀምጬ ላያቸው አልችልም። ያ ከሆነ ተራራውን እተወዋለሁ።»

ይህን ስትል አላለቀሰችም። ብታለቅስ ኖሮ አውቅበት ነበር። በጠረጴዛው ላይ የሞተር ሥዕሎች ዘርግታ በእርሳስ ምልክት ማድረግ ጀመረች። እኔ ደግሞ ጓዳ ገብቼ ስልኬን አነሣሁና ሽማግሌ ላክሁባት።

እዚህ አገር ሦስት ሽማግሌ ማግኘት ቀላል አይደለም። የደረሰው ሁሉ ወይ ሺፍት ላይ ነው ወይ የልጅ ልጅ ይጠብቃል። ቢሆንም አገኘሁ። አንደኛው ኖርዝ ሜልቦርን ፎቅ ቤት የሚኖሩ፣ በአገር ቤት ሠላሳ ዓመት የአሰብን መንገድ በከባድ መኪና የተመላለሱ ጋሼ ናቸው። ሁለተኛው የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ነው፤ ሰላምታውም ሳይቀር እንደ ቃለ ጉባኤ ነው። ሦስተኛ ወንድ ስላጣሁ ከያራቪል እትዬን ጨመርኩ። እሳቸው ጡረታ ወጥተዋል፤ እንባቸውም ቅርብ ነው። እንባውን ብዬ ነው የጠራኋቸው።

ቅዳሜ ከሰዓት መጡ። እኔም በሩን ስከፍት «ውይ! ምን እግር ጣላችሁ?» አልኩ። ወጡ ከማለዳ ጀምሮ ደርሶ ነበር።

ሳሎን ገብተው በሥርዓቱ መሠረት ቆሙ። ሽማግሌ ጉዳዩ ካልተፈጸመለት አይቀመጥም። ልጄ ሶፋው ላይ ናት። እግሯን አውልቃ አጠገቧ አስቀምጣዋለች፣ ሲያሳብጣት እንደዚያ ታደርጋለች። እዚህ ስላደገች ሥርዓቱን አታውቅም።

«ቁጭ በሉ እንጂ» አለቻቸው።

«አንቀመጥም» አሉ ጋሼ።

ወደ እኔ ዞራ «ሶፋው ቆሽሿል እንዴ?» አለችኝ።

«የመጣንበትን ጉዳይ ሳትፈጽሚልን አንቀመጥም» አሉ እትዬ፤ ድምፃቸው ከወዲሁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«እኔ ግን ተነሥቼ ልቆምላችሁ አልችልም» አለች ልጄ። «እናንተ ቆማችሁ እኔ ስቀመጥ ያሳፍረኛል። ጋሼ፣ እባክዎን።»

ሦስቱም እግሩን አዩት። ለዚህ የሚሆን መልስ ከአባቶቻችን አልተረከብንም። ጸሐፊው ጉሮሮውን ጠረገ።

«በመጀመሪያ ደረጃ፣ ኮሚቴው የመጣበት ዋና ዓላማ…»

«ኮሚቴ አይደለንም» አሉ እትዬ።

«ልዑካኑ የመጣንበት ዋና ዓላማ፣ የበረዶ ሞተር የሚባለውን ጉዳይ በተመለከተ፣ እኅታችን ለዘለቄታው እንድትተወው በአክብሮት ለመማጸን ነው።»

«ለምን?» አለች ልጄ።

«ያለ እግር እንዴት ይነዳል?» አሉ ጋሼ። «ልጄ፣ እኔ ሹፌር ነኝ። ፍሬን በምንሽ ልትይዢ ነው?»

«በእጅ ነው ጋሼ።»

«ፍሪሲዮኑስ?»

«የለውም።»

«የለውም? ነዳጁን በምን ትሰጪዋለሽ?»

«በአውራ ጣት።» ሥዕሉን ዘረጋችላቸው። «ይኸውልዎት፣ ይቺን ትንሿን መጫን ነው። ማርሹ ወደፊትና ወደኋላ ብቻ ነው፤ እሱም በእጅ ነው።»

ጋሼ መነጽራቸውን አወጡ። ቆመው ማየት ስላልተመቻቸው ጎንበስ አሉ። ጎንበስ ማለቱም ወገባቸውን ሲይዛቸው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ተቀመጡ እኮ!» አሉ እትዬ።

«አልተቀመጥኩም። እያየሁ ነው።» ገጹን ገለጡ። «ታዲያ እግር ለምኑ ነው የሚያስፈልገው?»

«ሚዛን ለመጠበቅ ነው። ለመውጣትና ለመውረድ። በረዶው ውስጥ ሲሰምጥ ወርዶ ለማውጣት።»

«የአሰብ አሸዋ ነዋ! አሸዋ ውስጥ የገባ መኪና ጉልበት አይደለም የሚያወጣው፣ የኋላ ማርሽ ነው። ይኼኛው የኋላ ማርሽ አለው?»

«ያኛው የለውም። ይኼ አለው።»

«እንግዲያው ያን ጣይው!»

እትዬም ለማየት ተቀመጡ። እሳቸው የወደዱት ረጅም፣ ለሁለት ሰው የሚሆን፣ እንደ ሶፋ የጀርባ መደገፊያ ያለውን ነው። «ልጄ፣ ወገብሽን አደራ። የእኔ ወገብ የሄደው በፎቅ ጽዳት ነው፣ መደገፊያ ቢኖረኝ ኖሮ…» ብለው አሁን ገና አለቀሱ፤ ለተጠሩበት ጉዳይ ሳይሆን ለመደገፊያው። ጸሐፊው ብቻውን ቆሞ ቀረ። ትንሽ ታገሠና «አጀንዳው ከተለወጠ ቃለ ጉባኤ መያዝ አለበት» ብሎ እሱም ተቀመጠ፤ ድምፅ ይሰጥ አለ። መደገፊያ ያለው በሁለት ድምፅ አሸነፈ። ጋሼ «ልዩነቴ ይመዝገብልኝ» አሉ።

ምሳ በሉ። መረቋት። ሲወጡ ጋሼ በሩ ላይ ቆመው በሹፌር ድምፃቸው «ቆይ፣ አንቺ ለምን ነበር የላክሽን?» አሉኝ።

ልጄ ከሶፋው ላይ አየችኝ። «ዋው፣ ማሚ» አለች። ስትቆጣ እንግሊዝኛዋ አጭር ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን ጠበቅኋቸው። ልቤ ያሰበው እሳቸው ጠርተው እንዲገሥጿት ነበር። ሽማግሌ ከተሸነፈ መስቀል ይቀራል።

«አባ፣ ያልተፈጸመ ስለት አለብኝ።»

«ምን ተሳልሽ?»

ነገርኳቸው።

«እግሩ የማን ነው?» አሉኝ።

«የልጄ።»

«ሥራውስ?»

«እሱም የእሷ ነው።»

«አንቺ ታዲያ ከራስሽ የሰጠሽው ምንድን ነው?»

ብዙ አሰብኩ። «ጭንቀቴን» አልኳቸው።

«እሱንማ ሰጥተሽ ብትሆኚ ዛሬ እዚህ ባልቆምሽ። አየሽ፣ የጎረቤትን በግ ነድቶ ለስለት የሚያስገባ ሰው አለ። ባለ በጉም አብሮ ቆሞ እልል ይላል፣ በጉ የእሱ መሆኑን ሳያውቅ። ሂጂና ለባለ በጓ ንገሪያት። ፈቃዷ ከሆነ ትፈጽመው። ካልሆነ የራስሽን ነገር ተሳይ።»

«ስግደት ቢያዙኝስ አባ? መቶም ቢሆን።»

«ስግደቱ እንደሚቀልሽ አውቃለሁ» አሉና መስቀሉን አሳልመውኝ ሄዱ።

ሰኞ ልነግራት አሰብኩ፤ ሺፍት ነበረብኝ። ማክሰኞ ራሴን አመመኝ። ረቡዕ ልጄ ሞተሮቹን ለማየት ቡክ አድርጋ ነበርና አብሬያት ሄድኩ። ጋሼም በባቡር መጡ፣ ከረባት አስረው። ለሞተር ነው ወይስ ለልዩነታቸው አልጠየቅኋቸውም።

ሱቁ የሣር ማጨጃ፣ የጀልባ ሞተርና የገበሬ ሞተር የሚሸጥበት ትልቅ አዳራሽ ነው። የበረዶዎቹ ጥግ ላይ ተሰልፈዋል። ውጪ ፀሐይ ነው። በረዶ በማይጥልበት ከተማ የበረዶ ሞተር መምረጥ ዝናብ ሳይኖር ጃንጥላ እንደ መሞከር ነው፤ መዘርጋቱን ታያለህ፣ ማፍሰሱን አታይም።

ሻጩ ደስ የሚል ሰው ነበር። የአካል ጉዳት ያለበት፣ ወደ መንዳት የሚመለስ ሰው እንደሚመጣ ተነግሮታል። ሦስታችንንም አየን። ልጄ ረጅም ሱሪ ለብሳ ቀጥ ብላ ቆማለች። ጋሼ ከዘራ ይዘዋል። ቀጥ ብሎ ወደ ጋሼ ሄደና እጃቸውን ጨበጠ።

«በእርስዎ ዕድሜ ወደ ተራራ መመለስ! እንዴት ያለ ወኔ ነው!» አላቸው።

ጋሼ እንግሊዝኛው አልጠፋቸውም። ግን አላረሙትም። ከዘራቸውን ለእኔ ሰጡኝና አንዱ ላይ ወጥተው መሪውን ያዙ።

«ጋሼ!» አለች ልጄ።

«ቆይ እስቲ አንድ ጊዜ» አሉ።

ነገሩ ከተጣራ በኋላ ሻጩ ፊቱ ቀላ፤ ከዚያ በኋላም ለልጄ የሚለውን ሁሉ ለእኔ ይነግረኝ ጀመር። «ቀዝቃዛ ነገር ያማታል?» ይለኛል። «ራሷን ጠይቃት፣ ትሰማለች» አልኩት።

የመጀመሪያው ቀይ ነበር፣ የሚያምር፣ ቆሞ ሳለ እንኳ የሚሮጥ የሚመስል። የእግር ማረፊያው ላይ ጫማ የሚገባበት ማቀፊያ አለው። ልጄ ወጣችበት። ፊቷ በራ። ልትወርድ ስትል ግን ሰው ሠራሹ እግር ማቀፊያው ውስጥ ቀረ። ያ እግር መያዙን አይነግራትም፤ እሷ ልትወርድ ትነሣለች፣ እሱ ይቀመጣል። በእጇ ጎትታ አወጣችው። «ይኼ በተገለበጥኩ ቀን ይዞኝ ይቀራል» አለችና ሄደች፤ ዞር ብላ ግን አንዴ አየችው።

ሁለተኛው የእነ እትዬ ምርጫ፣ መደገፊያ ያለው ነው። ሰፊ፣ ዝቅ ያለ፣ ለስላሳ። ስትቀመጥበት እኔም ደስ አለኝ። ንግሥት መሰለች። ሻጩም «ለእሷ የተሠራ ነው» አለኝ።

ልትነሣ ሞከረች። አልተነሣችም። በእጆቿ ገፋች። ተመልሳ ተቀመጠች። በሦስተኛው ተነሣች፤ ግንባሯ ላብ አውጥቶ ነበር።

«እዚያ ሰው ያግዛታል» አለ ሻጩ።

«እዚያ ሰው የለም» አለች ልጄ። «እኔና ሻንጣ ነን።»

ሥዕሎቿን አወጣች። ምልክት ካደረገችባቸው የቀረ አልነበረም። ወረቀቱን ስታጥፈው አየኋት፤ አንዴ፣ ደግማ፣ አንዴ ደግሞ። ነገ ሐሙስ ነው። ከነገ ወዲያ ዓርብ ነው፣ ስልክ ማንሣት ነው፣ መስኮቱ ነው። እኔ ዝም ካልኩ ስለቴ ያለ ጭቅጭቅ ይፈጸማል። ማርያምን፣ ዝም ልል ነበር።

ችግሩ ሥራዬ ነው። እኔ የአረጋውያን ማረፊያ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ሰውን ከወንበር ማስነሣት ነው እንጀራዬ። ሰው ለምን እንደማይነሣ ዓይኔ ሳላዘው ያያል።

«ወንበሩ ዝቅ ብሏል» አልኩ።

ሁሉም ዞሩ።

«ጉልበቷ ከዳሌዋ በላይ ነው። ከዚህ ሁለት እግር ያለውም አይነሣም። መሪውም ሩቅ ነው፣ መደገፊያው ወደኋላ ያስተኛታል። ከፍ ያለና ጠፍጣፋ ወንበር ያለው የላችሁም?»

«አለ» አለ ሻጩ፤ «ግን ማንም አይወደውም። የሥራ ነው።»

ከኋላ ከሣር ማጨጃዎቹ መካከል አወጣልን። ግራጫ ነው። እንደ አህያ ነው፤ ቆሞ መታዘዝን ብቻ የሚያውቅ። ወንበሩ ከፍ ያለ ነው። የእግር ማረፊያው ሰፊና ክፍት፣ እንዳያንሸራትት ጥርስ ያለው ብረት ነው። በቁልፍ ይነሣል፣ ገመድ መጎተት የለም። የኋላ ማርሹ አንድ ቁልፍ መጫን ነው፤ ጋሼ ይህን አምስት ጊዜ ሞከሩት።

ልጄ እንደ ልማዷ በግራ በኩል ሄደች።

«በቀኝ ውጪ» አልኳት።

«ሁሉም ሰው በግራ ነው የሚወጣው።»

«ሁሉም ሰው ግራ እግር አለው። በቀኝ ሂጂ። ደህናውን መሬት ትከዪና ሌላውን አሳልፊው።»

በቀኝ ወጣች። በቀኝ ወረደች። እንደገና ወጣች። አንድም ጊዜ አልገፋችም። ከዚያ ሱቁ ወለል ላይ በጎኗ ተጋደመች። ሻጩ «ኦ!» አለ። እኔ ሮጥኩ።

«ማሚ፣ አትንኪኝ።»

ቆምኩ። አሥራ አራት ዓመት የሰው እናት ሳነሣ ኖሬ የራሴን ልጅ ሳላነሣ ቆምኩ። ወለሉ ላይ ዞረች፣ የእግር ማረፊያውን ብረት ያዘች፣ ደህናውን ጉልበቷን አስገባች፣ መሪውን ያዘች፣ ተነሣች። ከኋላችን ሣር ማጨጃ ሊገዙ የመጡ ባልና ሚስት አጨበጨቡ። ለምን እንዳጨበጨቡ የሚያውቁ አይመስለኝም።

«ይኼ ነው» አለች።

«ቀለሙ ግን…» አሉ ጋሼ።

ጋሼን ባቡር ጣቢያ ካደረስናቸው በኋላ እሷ እየነዳች ወደ ቤት ሄድን። ቀይ መብራት ያዘን። ከአሁን በኋላ ሰበብ የለኝም።

«ስለት አለብኝ» አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት። አጭር ነበር፤ ኃጢአት ሲነገር አጭር ነው።

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ነዳች።

«እኔን ሳትጠይቂኝ» አለች።

«አዎ። ራስሽን አታውቂም ነበር።»

«እስከ መቼ ነበር አሳልፈሽ የሰጠሽኝ?»

«ለዘላለም።»

«ማሚ፣ የገጨኝ መኪና ነው። ሱፐርማርኬት በር ላይ። ለምን ‹ሁለተኛ ሱፐርማርኬት አትሄድም› ብለሽ አልተሳልሽም?»

እውነቱን ነገርኳት። «ወተት ያስፈልገናላ።»

መሪውን በእጇ መታችው። የተቆጣች መስሎኝ ነበር። ትስቅ ነበር፤ ግን ዓይኗ ደግሞ እርጥብ ነበር፣ ሁለቱም አንድ ላይ። ከዚያ ሳቋ ቆመ።

«አልፈጽመውም» አለች። «የአንቺ ነው። የእኔ አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

«ለእሷም ንገሪያት።»

ማንን እንደምትል ገባኝ። ሄጄ ነገርኳት። በምትኩ ከራሴ አንድ ነገር ተሳልኩ፤ ምን እንደሆነ ለማንም አልናገርም። ሥዕለ አድኅኖዋ ፊት ብዙ ቆምኩ። አልተቆጣችኝም። ስለ ልጆች ከእኔ የበለጠ የምታውቅ እናት ናት።

ዓርብ ጠዋት ለአለቃዋ ደውላ የግራጫውን ስም ነገረችው። «እሱን?» አላት። «እሱን» አለችው። በቃ።

ሰኔ ላይ በረዶው ጣለ፣ ተራራው ተከፈተ። በሦስተኛው ሳምንት እኔም ሄድኩ። ሁለት ካፖርት ደርቤ፣ የሠራሁላትን በሶ በፌስታል ይዤ፣ ከአውቶብስ ወርጄ መኪና ማቆሚያው ጋር ቆምኩ። እንደዚያ ያለ ነጭ ነገር አይቼ አላውቅም። ወደ ላይ የሚሄዱ ሰዎች ሻንጣቸውን ይዘው ተሰልፈዋል።

ከላይ ድምፅ መጣ። በስልክ ካጠፋሁት ይልቅ የሚያስፈራ አልነበረም። ሞተሩ ባዶ ተጎታች እየጎተተ ወረደ፣ ዞረ፣ ቆመ። በቀኝ በኩል ወረደች። ከቁሩ የተነሣ ጉንጯ ቀልቷል። ቀጥ ብዬ ሄድኩባት።

«ማሚ!» አለችና አቀፈችኝ፤ ወዲያው ደግሞ ትከሻዬን ይዛ አዞረችኝ። «ወረፋው ከዚያ ጋር ነው።»

«እኔ እናትሽ ነኝ።»

«እነሱ ደግሞ ቀድመውሻል።»

በሶዬን ተቀብላ የሞተሯ ሣጥን ውስጥ አኖረች። እኔ ኋላ ሄጄ ተሰለፍኩ። የሰዎቹን ሻንጣ አነሣች፣ ተጎታቹ ላይ ጫነች፣ አሰረች። አንዴ አዳለጣት፤ በአንድ ጉልበቷ ወረደች፣ ብረቱን ይዛ ተነሣች፣ ገመዱን ማሰር ቀጠለች። ማንም አላየም። ማንም ስላላየ እኔም ማየቴን ተውኩና ተራራውን አየሁ።

ከፊቴ የቆመው ሰውዬ ወደ እኔ ዞረ። «የመጀመሪያ ጊዜሽ ነው?» አለኝ።

«አዎ።»

«አትፍሪ። ይህቺ ልጅ ባለፈው ሳምንትም እኔን አድርሳኛለች። በጣም ጎበዝ ነጂ ናት።»

«እስቲ እናያለን» አልኩት።

ሞተሩ ተነሣና እነሱን ይዞ ወጣ። ከፊቴ አራት ሰው ነበር። ተመስገን አልኩና እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ተራዬን ጠበቅሁ።